የቁም ለቅሶ

ልክየለሽን እንጅባራ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የሚያስታውሳት ግን ሰው ሲሞት ነው። ሬሳ ከቤት ሳይወጣ "ልክየለሽ ትጠራ" ይባላል። ሰው ካልሞተ ልክየለሽ የድንች ነጋዴ ናት። ጆንያዋን ከፊቷ ዘርግታ፣ ነጠላዋን ከጭቃው ሰብስባ የምትቀመጥ፣ ገዥ ሲጨቃጨቃት እንኳ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የእኔ ሱቅና የእሷ ቤት የሚዋሰኑት በአንድ የቀርቀሃ አጥር ስለሆነ የምነግራችሁ ነገር ከሩቅ የሰማሁት ወሬ አይደለም።

ሙሾ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ የሻረግ ናት። የሻረግ አዘና ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ በእርሻ የምትተዳደር ሴት ነበረች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ልክየለሽን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ለቅሶ ቤትም እያስከተለች ይዛት ትሄድ ነበር። ሴትዮዋ በአንድ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ የአንዱን ሙሾ ለሌላው መስጠት ነውር ነው ባይ ነበረች። ሟቹ ያረሰው ማሳ፣ የጫነው ፈረስ፣ ያሳደገው ልጅ፣ የተጣላው ጎረቤት ሳይቀር ግጥሙ ውስጥ መግባት አለበት። "ሟቹ ቢሰማው 'ይኼማ እኔ ነኝ' የማይለው ለቅሶ ጩኸት ነው" ትላለች። ያስተማረቻት በአዊኛ ነው። አማርኛውን ልክየለሽ ከተማ ከገባች በኋላ ራሷ ጨመረችበት።

ነገሩ የተጀመረው መሳፍንት የሚባል የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር የሞተ ጊዜ ነው። ገና ወጣት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ልክየለሽ ተነሣችና እንዲህ አለች፦

ባጃጁ ከደጅ ናት ቁልፉም ከግድግዳ፣
መሳፍንት የት ሄደ ሳይመሽ በማለዳ።

ድንኳኑ ታመሰ። ቁልፉ እውነትም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበርና እናቱ እሱን ቀና ብላ አይታ ወደቀች። አንዱ ይህን ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ኔትወርክ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ገና የተለቀቀበት ወቅት ስለነበር ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ብዙም ሳይቆይ ገበያ ላይ ሴቶች "አንቺ ነሽ አይደል?" እያሉ ይከቧት ጀመር። ድንቹን ትተው እሷን ያያሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለሰው ስታለቅስ የኖረች ሴት አንድ ቀን ብትታይ ምን አለበት?

ስልክ ገዛች፤ የራሷንም ገጽ ከፈተች። አመሻሽ ላይ ላይቭ ትገባለች፤ ስልኩን ከጆንያ ላይ አስደግፋ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሰው የሚጽፍላትን እያነበበች ትመልሳለች። አንድ ቀን ወገኔ የሚባል፣ ዓረብ አገር በረሃ ውስጥ የሰው ግመል የሚጠብቅ የዳንግላ ልጅ ገባና "እዚህ ብሞት የሚያለቅስልኝ የለም። በቁሜ ልስማው፣ አልቅሽልኝ" ብሎ ለመናት። መጀመሪያ "ሟርት ነው፣ አይሆንም" አለችው። ልጁ ግን ልመናውን ቀጠለ። ከዚያ የእናቱን ስም ጠየቀችው፤ ለምን እንደ ሄደ ጠየቀችው፤ ረጋ ብላ ከሰማችው በኋላ

ባሕር ተሻገረ ለእናቱ ሊያመጣ፣
ወገኔን ጠብቁት በየት በኩል ይምጣ።

አለችለት። ወገኔ አፉን በሻሹ አፍኖ ሲንሰቀሰቅ እኔም ሱቄ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ይህን ኃጢአት ነው የሚለኝ ሰው ካለ ዛሬም እከራከረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልከራከርም። "እኔንም፣ እኔንም" የሚለው በዛ። በቁሙ ሊለቀስለት ያማረው ሁሉ ተሰለፈ፤ አንዱ ለፍቅረኛው ሊያሰማ፣ አንዱ በጓደኛው ሊስቅ። ጽጌረዳ የሚሏትን የስጦታ ሥዕል ይልካሉ፤ የላከ ስሙ ይጠራል። ገንዘቡ አይከፋም ነበር፤ ልክየለሽን የያዛት ግን ገንዘቡ አይደለም። ስልኩ ላይ ከላይ ጥጉ ላይ ምን ያህል ሰው እያየ እንዳለ የምታሳይ ቁጥር አለች። ዓይኗ ከዚያች ቁጥር አይነቀልም። ቁጥሯ ስትጨምር ፊቷ ይፈካል፤ ስትቀንስ ደግሞ ድምጿ ይቆጣል። አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል "ሰው ሳይሞት የሰማኝ እኮ አሁን ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እየዋለ ሲያድር ማንንም መጠየቅ ተወች። አንድ ግጥም አዘጋጀችና ስሙን ብቻ እየቀየረች ለሁሉም ታድለው ጀመር። በመካከሉም ትቀልዳለች፤ የምትስቅ አልቃሽ ያየነው ያኔ ነው። የእድራችን ዳኛ ጋሽ አዝመራው አስጠርተው መከሯት።

"ልጄ፣ በቁም ሰው አይለቀስም። ሞት ስም ሲጠራለት ይሰማል።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ። ጨዋታ እኮ ነው" አለቻቸው።

እሳቸውም አሰናበቷት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲኖር "ልክየለሽ ትጠራ" የሚል ጠፋ፤ እሷም ቀረብኝ አላለችም። የለቅሶ ሰዓትና የላይቭ ሰዓት ሲጋጭባት ለቅሶውን ትተወው ነበርና።

በዚህ መካከል የሻረግ ታመመች። የምትደውለው ልጇ ማስተዋል ናት። "አክስቴ፣ እናቴ ነይልኝ ትላለች" ትላታለች። ልክየለሽ "እሑድ እመጣለሁ" ትላለች፤ እሑድ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። ሌላ ጊዜ "መንገድ ተዘግቷል አሉ" ትላለች። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜስ ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚኒባሱ ረዳት ከደጃችን ቆሞ "አዘና፣ አዘና" እያለ ይጣራ ነበር። ላይቭ ላይ ሳለች ጥሪ ሲገባባት በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፤ ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። እኔም አፌ አያርፍምና "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ላንቺ ነው። ሄደሽ እህትሽን እያት" አልኳት። "እሺ፣ እሄዳለሁ" አለች። ደግሞ የምትሄድ ይመስላት ነበር፤ እየዋሸችኝ አልነበረም።

የሻረግ የጠበቀችውን ጠብቃ ሲደክማት ልጇን እንዲህ አለቻት፦ "ስልክ አታነሳም። የሰው ሁሉ ስም በሚጠራበት በዚያ ግቢና የእኔንም ስም ጻፊላት። ሌላውን ሁሉ ታለቅስ የለ? እኔንም ታልቅሰኝ። ስሜን ስትሰማ ታውቀኛለች።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ማስተዋል ናት። ልጅቷ እናቷን ትራስ አስደግፋ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋላት የልክየለሽ ላይቭ ውስጥ ገባች። በገጿ ላይ የራሷ ስም የለም፤ እንደ ዘመኑ ልጆች የተጠማዘዘ ቅጽል ነው ያወጣችው። "የሻረግን አልቅሽላት፣ በአዊኛ ይሁን" ብላ ጻፈች። መልስ ሲጠፋ ደጋግማ ጻፈች። በመጨረሻ ልክየለሽ አየችው።

"የሻረግ ማን ናት?" አለች። "ያለ ጽጌረዳ መሞት አማራት እንዴ?"

ሳቁ ጎረፈ። የሳቅ ምልክት እየተግተለተለ ስልኩን ሞላው። አንድ ርኅሩኅ ሰው አዝኖ ስለ የሻረግ ጽጌረዳ ላከ። ልክየለሽም "በሉ ተከፍሎላታል" አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። "አዊኛው ግን ይቅርባችሁ፣ ሰው ይወጣብኛል።" ከዚያ ያቺኑ የተለመደችውን ግጥም ለቀቀችላት፦

ጎረቤት ተነሱ ደጁን ክፈቱላት፣
የሻረግ ስትመጣ ቤቱ ጨለመባት።

ወዲያው ወደ ሌላ ስም አለፈች። የሻረግ እስኪያልቅ ሰማችው። ማስተዋል ቀና ብላ ስታያት እናቷ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም።

"ይቺ ሌላ የሻረግ ናት" አለች። "እኔን አላወቀችኝም። ዝጊው ልጄ፣ ባትሪው ያልቅብሻል።"

ዳግመኛ "ደውይላት" ብላ አልጠየቀችም። በዚያው ሳምንት ሞተች።

እኛ ጎረቤቶቿ ሚኒባስ ይዘን አዘና ስንደርስ ልክየለሽ ቀድማን ነበር። ከመኪና ከወረደች ጀምሮ ደረቷን እየደቃች፣ መሬት ላይ እየወደቀች ነው የገባችው አሉ። አልዋሸችም፤ ሐዘኗ እውነተኛ ነበር፤ በእሱ ማንም እንዳያማት እፈልጋለሁ። የአዘና ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። ስመ ጥሯ አልቃሽ ለእህቷ ምን እንደምትል ሊሰማ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

ልክየለሽ ተነሣች። እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ ድምጿ ወጣ፦

"ጎረቤት ተነሱ…"

ስታለቅስ የምትለው ጠፍቶባት ሳይሆን አፏ የለመደው እሱ ሆኖ ነው። ሳታስበው መጣ። ማስተዋል ነጠላዋን እንደ ዘቀዘቀች ከመደቡ ላይ ተነሣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"አክስቴ፣ ይኼንን ሰምታዋለች" አለቻት።

ልክየለሽ አልገባትም። ዘወር ብላ አየቻት። ማስተዋልም የደረሰውን ሁሉ፣ ማን እንደ ጻፈ፣ ስልኩ የማን ደረት ላይ እንደ ነበረ በአጭር ቃል ነገረቻት። በአዊኛ ነበር የነገረቻት። ልክየለሽ ቆማ ቀረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ በአዊኛ አንድ ነገር ልትጀምር ነበር፤ ማሳዋን፣ ላሟን፣ ያዘለቻትን ጀርባ ልትጠራ። አልወጣላትም። ትንሽ ቆይተው የአዘና ባልቴቶች በራሳቸው ዜማ ተነሡና የሻረግን የሻረግ እያሉ አለቀሱላት። ልክየለሽ በመካከላቸው ቆማ እንደ እንግዳ ትሰማ ነበር።

ከተመለሰች በኋላ ገጹን አጠፋችው። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ሌላው ሁሉ ሲረሳ ያቺ ቀልድ አንዱ ቀርጿት ኖሮ ተቆርጣ ቀረች። "የሻረግ ማን ናት?" የሚለው ድምጿ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሄደ። ወጣቶቹ የማያውቁት ቁጥር ሲደውልላቸው "የሻረግ ማን ናት?" ይላሉ። ምንም አያውቁም፤ ክፋት የላቸውም። ልክየለሽ ገበያ ላይ ድንች ስትመዝን ከጎኗ ካለው ሱቅ የራሷ ድምፅ ስትስቅ ትሰማለች። ሚዛኑን እንደ ያዘች ትቆማለች። ገዥው "እትዬ፣ ምን ሆነሻል?" ሲላት ትባንናለች።

አንድ ቀን ቤቷ ገብቼ ስንጫወት ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

"ስሙን ሳየው ደንገጥ ብዬ ነበር" አለች። "ከዚያ ቁጥሯ ስትጨምር አየሁና ተውኩት። እየዞረ የሚመጣብኝ ይኼ ነው። ያን ጊዜ አውቄያት ከሆነ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ካላወቅኋትስ ምን ዓይነት እህት ነኝ?"

"ተይው፣ እግዜር ያውቃል" አልኳት። እሷ የፈራችው ግን እግዜር ማወቁን ሳይሆን ራሷ ማወቋን ነበር።

አሁንም ሰው ሲሞት ማንም አይጠራትም። ሳትጠራ ትሄዳለች፤ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ዝም ብላ ቆይታ ትመለሳለች።

ባለፈው ከገበያ ስንመለስ አብረን ባጃጅ ተሳፈርን። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው፤ ከጎኑ ጓደኛው ተቀምጧል። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሹፌሩ ቁጥሩን አየና ለጓደኛው እያሳየ "የሻረግ ማን ናት?" አለ፤ የልክየለሽን ድምፅ አሳምሮ ነው ያስመሰለው። ሁለቱም ሳቁ፤ ስልኩም እየጮኸ ነበር። እኔ ወደ ውጭ አየሁ።

ልክየለሽ ከኋላ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ነካችው።

"አንሳው ወንድሜ" አለችው። "እህትህ ብትሆንስ?"

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያት። ድምጿን ያወቀው መሰለኝ፣ ሳቁን አቆመ። ስልኩን ለማንሳት እጁን ሲሰድ ጥሪው ተቋርጦ ነበር።