የፈሂማ ዘጠኝ ሰዓት

ፈሂማ ዋና አትችልም። ከኮምቦልቻ መጥታ ገርጂ ውስጥ፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ስትጠብቅ አሥራ አራት ዓመት ሞላት፤ አንድም ቀን ግን ከጉልበቷ በላይ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። በዚህ የሚስቅባት ሲመጣ፣ «ወጥ ሠሪ ድስት ውስጥ ይገባል እንዴ?» ትለዋለች።

ውሃውን ግን ታውቀዋለች። ጠዋት የሚቀዘቅዘውን ውሃ ጣሪያ ላይ ያሉት የፀሐይ ማሞቂያዎች ከሰዓት በኋላ ለብ ያደርጉታል፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ክሎሪን ይበላል። ስለዚህ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሯን ትነክራለች፤ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድታ፣ ክሎሪን ያለበትን ውሃ ቢጫ የሚያደርገውን መመርመሪያ ጠብ ታደርግበታለች። ቢጫው ከሳሳ ክሎሪን ትጨምራለች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከዚያ ገንዳ ወጥቶ «ዓይኔን!» ያለ ልጅ የለም።

መጋቢት ላይ መሣሪያ መጣ። በቀን አንዴ፣ ውሃው በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ሙቀቱን ለክቶ፣ የሚጨመረውን ክሎሪን ራሱ የሚወስን ነው። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ቴድሮስ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ በግምት መሥራት ቀረ» አለ። ግምት! ይህች ቃል ፈሂማን አንገበገበቻት። ከዚያ ወዲያ ክሎሪን በእጇ እንዳትጨምር ተከለከለች።

ሊገጥም የመጣው ቴክኒሺያን እዝራ ጨዋ ልጅ ነው። «እናቴ፣ ውሃው በጣም የሚሞቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ዘጠኝ ሰዓት» አለችው። ጻፈ፣ አመስግኖ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ከሰዓት በኋላ መደፍረስ ጀመረ። የልጆች ዓይን ቀላ፤ እናቶች ተቆጡ። ቴድሮስ ፈሂማን ቢሮው ጠራት።

«መሣሪያው አይሳሳትም» አላት። «ስላልወደድሽው ክሎሪኑን በውሃ ያቀጠንሽው አንቺ ነሽ። ይሄ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ጊዜ ከደገምሽ ትሰናበቻለሽ። ፈርሚ።»

«ያላደረግኩትን አልፈርምም» አለች።

«ብትፈርሚም ባትፈርሚም ፋይልሽ ውስጥ ይገባል።»

«እንግዲያው ያለ ፊርማዬ ይግባ» ብላ ወጣች።

ዘበኛው አብዱልናስር፣ ያገሯ ሰው፣ «እህቴ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ መከራት። «ገንዳው ውስጥ ግን ይገባል» አለችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ውሃ ግን እያደር ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ፈሂማ ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ምክንያት አልታያትም።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ከመሣሪያው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዋለች። በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን መሣሪያው ጠቅ ጠቅ አለና «21» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምንም አላለም። ቴርሞሜትሯን ብትነክር ሠላሳ ሆነ። ፈሂማ ብቻዋን ሳቀች፤ ቀጥሎ ተናደደች።

ቅዳሜ ጠዋት ለእዝራ ደወለችለት። ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ፣ የልጆቹ የዋና ትምህርት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ የገንዳውን በር ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ፎጣ የያዙ ልጆች በሩን ሞሉት። ቴድሮስ እየሮጠ መጣ።

«ክፈቺ!»

«አልከፍትም። የሰው ልጅ ዓይን ነው።»

«ከሥራ ትባረሪያለሽ እያልኩሽ ነው!»

«ያባሩኝ። ግን መጀመሪያ ዘጠኝ ሰዓት ይሙላ።»

እዝራ ከመገናኛ ሲደርስ ዘጠኝ ሞልቶ ነበር። ፈሂማ እሱንና ቴድሮስን ብቻ አስገብታ መልሳ ቆለፈች። መሣሪያው ዝም እንዳለ ነው፤ ስክሪኑ ሃያ አንድ ይላል፣ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ፤ በብልቃጥ የቀዳችው ውሃም ቢጫው የሳሳ ነው።

«እዝራ፣ ያን ቀን ስንት ሰዓት አልኩህ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ይሄስ የሚለካው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

እዝራ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ አየና ፊቱ ቀላ። በሐበሻ የሰማውን በፈረንጅ ጽፎት ኖሯል። መሣሪያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቀዘቀዘውን ውሃ እየለካ፣ ይሄ ነው የቀኑ ሙቀት ብሎ፣ ክሎሪን ሲቆጥብ ከርሟል።

ቴድሮስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በቃ፣ ማስጠንቀቂያውን እቀደዋለሁ። አሁን ይክፈቱት።»

ከአንቺ ወደ እርስዎ መሻገሩን ፈሂማ ሰምታለች። ግን አልበቃትም።

«አይቀደድም! ስሜ የጠፋው በወረቀት ነው፤ በወረቀት ይመለስ። ያምጡትና ከሥሩ ይጻፉበት።»

አጥሩ ማዶ እናቶች ቆመው እያዩ ነው። ቴድሮስ ወረቀቱን አስመጥቶ፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ሰዓት አሞላል እንጂ የወይዘሮ ፈሂማ አለመሆኑን ጻፈ፤ ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ ቀንና ሰዓት አስገባና ሰጣት። ፈሂማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። መጨረሻው ላይ «3:15» ይላል።

መልሳ ገፋችለት። «ይሄ የማን ሰዓት ነው?»

ቴድሮስ ሰረዘውና «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ከሥሩ ፈረመች። ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልሰጠችውም፤ ክሎሪኗን ልታመጣ ሄደች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቢጫ ገና አልደመቀም ነበር።