ሦስተኛው የተደበቀ ሞገድ

የሥራ ባልደረባዬን «ወንፊት» ያልናት እኛው ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስታጣራ ኖራለች። ኒውትሮን ኮከብ የሚባል ትንሽ ግን እጅግ ከባድ ኮከብ አለ፤ ሲሽከረከር ያለማቋረጥ የስበት ሞገድ ይልካል ይባላል። እሱን ነው የምትፈልገው። ሞገዱ ግን ስስ ነው፤ የብዙ ወራት መረጃ ተደምሮ፣ የምድር እንቅስቃሴ ያዛባውም ተስተካክሎ ካልሆነ ከጫጫታው አይለይም። ፕሮግራሙን ራሷ ጽፋዋለች፤ ማንም ክፉ እንዲያወራበት አትወድም።

አለቃችን ግን ሰለቸው። «ሦስት የውሸት ሞገድ መረጃው ውስጥ ይደበቅ፤» አለ። «እስከ ሐሙስ ሦስቱንም ካገኘች ትቀጥል፤ አለዚያ ፍለጋው ይዘጋ።» ደባቂው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! ከጎኗ የምቀመጠው ጉደኛ።

ሰኞ ሁለቱን ያዘች። ሦስተኛው የውሃ ሽታ ሆነ። ረቡዕ ከሰዓት ዓይኗ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረች።

«ልትነግረኝ ነው አይደል?»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ?»

«ዝም በል! ትንፍሽ ብትል አልምርህም።»

አንጀቴን በላችው። ከአፌ እንዳያመልጠኝ ተነስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ የታወቁ ጫጫታዎችን ዝርዝር ዘርግታ አገኘኋት፦ የማቀዝቀዣው፣ የፓምፑ፣ የመብራቱ። እነዚህን ፕሮግራሟ ሳያያቸው ይጥላል። ጣቷ ፓምፑ ላይ ቆሟል። በፓምፑ ጫጫታ ዙሪያ ስንዝር መጣል ሲበቃት ክንድ ሙሉ ጥላለች፤ እኔ የደበቅኩት ሞገድ ደግሞ እዚያው ጎን ስለነበር አብሮ ተጥሏል።

«በገዛ እጄ!» አለች። አስተካክላ እንደገና አስኬደችው። ከምሳ በፊት ሦስተኛው ብቅ አለ። እልል ልል ትንሽ ቀረኝ።

አለቃችን መጥቶ ጨበጣት። «በቃ፣ ቀጥይ።»

«ይቆዩ፣ ያልነገርኩዎት አለ፤» አለች። «ይኸ ስህተት የዛሬ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው። ‹ምንም የለም› ብዬ የፈረምኩበት ሪፖርት ሁሉ ይሰረዝልኝ። ከሀ ጀምሬ እፈልጋለሁ።»

ምነው አፏን ብትይዝ!

አለቃችን ግራ ገባው። «ዝም ብትይ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም። ግን ኮከቡ የጣልኩት ውስጥ ኖሮ ቢሆንስ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወንበሯን ሳብ አድርጋ የመጀመሪያውን ዓመት መረጃ ከፈተች።