ባለ ጭራዋ አልማዝ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከምሳ በኋላ ስልኳን ከፍታ ስለ ቆዳ በሽታ የወጡ አዳዲስ ጥናቶችን ታነብልኝ ጀመር። እሷ የቆዳ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ እኔ ደግሞ የሚያዳምጥ መስሎ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ነኝ። ሁለታችንም ሥራችንን ጠንቅቀን እናውቃለን።

«አባዬ፣ አሁን እኮ በአንተ ዕድሜ ላሉ ሰዎች የሄርፒስ ዞስተር ክትባት አለ። እዚህ አገር እንደ ልብ ባይገኝም።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«አልማዝ ባለ ጭራ።»

ሚስቴ ከማዕድ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ «የትኛዋ አልማዝ?» አለች። ታሪኩን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለች፤ ግን መጠየቁን አትተወውም።

አልማዝ ባለ ጭራ ሕመም ናት። በአንድ ጎን ብቻ ከጀርባ ተነስታ እንደ ቀበቶ ወደ ሆድ የምትዞር፣ ውሃ የቋጠረች ሽፍታ። ማን በዚያ ስም እንደጠራት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ልጄ እንደምትለው በልጅነታችን የያዘን ጉድፍ ከዳነ በኋላም ቫይረሱ ከሰውነታችን አይወጣም፤ ነርቭ ሥር ይተኛል። ሰውነት ሲደክም ወይም ሲያረጅ ይነቃል። እኔ ዘንድ ግን እርጅናዬን አልጠበቀም። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነቃብኝ።

ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። ዛሬ የእኛ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ላይ ጤፍ ይታጨድ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው የወሰደብኝ አንድ ጫማ እስካሁን ከአንዱ ሕንፃ መሠረት ሥር ያለ ይመስለኛል። እኔ ነፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ብረታ ብረት ቤት በያጅ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት እናቴን ከቡልጋ አምጥቼ አብረን እንኖር ነበር። ከጎናችን ባለው ግቢ ደግሞ አልማዝ የምትባል ልጅ ነበረች። ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ፀጉሯን በጨርቅ ቁራጭ አስራ ወደ ኋላ እንደ ጭራ ትለቀዋለች። ሥራ ስትሄድ ጭራው ግራና ቀኝ ይላል፤ የኔም ልብ አብሮት። ከ«እንደምን ዋልሽ» በስተቀር ምንም ብያት አላውቅም፤ እሱንም የምለው ካለፈች በኋላ ነበር።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ መንገዱ ሁሉ በቆሎ ጥብስ በሚሸትበት ሰሞን፣ ግራ ጎኔን ይለበልበኝ ጀመር። መጀመሪያ የብየዳ ፍንጣሪ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሽፍታው ወጣ፤ ሸሚዝ ሲነካኝ እሳት ሆነብኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ድሬሰሩ ገና እንዳየኝ በስሟ ጠራት፤ ሐምራዊ መድኃኒት ቀባብቶ ሸኘኝ። ወገቤ ቀለም የተደፋበት ደብተር መሰለ።

ከሥራ ስቀር ሕመሜን የነገርኩት ጓደኛዬ ሽፈራው ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ ተኝቼ ነበር፤ እናቴ በር ላይ አግኝታው «ልጄን ምን ነካብኝ?» አለችው። እሷን ላለማስጨነቅ አልነገርኳትም ነበር።

«አይደንግጡ እማማ፤ አልማዝ ይዛው ነው» አላት። «ባለ ጭራዋ። ወገቡ ላይ ተጠምጥማ ነው እንቅልፍ የነሳችው።»

እናቴ የአዲስ አበባን የበሽታ ስም አታውቅም። አልማዝን ግን ታውቃለች፤ ጭራዋንም በየጠዋቱ ታያለች።

ሌላ እናት ብትሆን ትጮህ ነበር። የኔዋ ወግ አዋቂ ናት፤ ነገሩ ወገብ ከደረሰ መዘግየት ነውር ነው ብላ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ወደ ልጅቷ አባት ወደ አቶ ተሰማ ላከች። አቶ ተሰማ ነገሩ ድንገት ሆነባቸውና ምን አስቸኮላችሁ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም እናቴ የነገረቻቸውን ሳይቀንሱ ነገሯቸው፤ ልጁን አልማዝ ይዛዋለች፣ ወገቡ ላይ ተጠምጥማለች፣ ከተኛ ሰነበተ።

አቶ ተሰማ በሳቅ ፈረሱ። «እሷማ በሽታዋ ናት፤ የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ። ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ደረቀ። በዚያን ዘመን አልማዝ ወጣት ሰው ላይ ከታየች ከኋላዋ «ያ በሽታ» አለ ይባል ነበር፤ ስሙ የማይጠራው፣ መድኃኒት ያልነበረው። ብድግ ብለው «ልጁ ደሙን ሳይመረመር ስለ ልጄ እንዳታነሱብኝ» አሉ።

ወሬው ለማታ እንኳ አልቆየም። ሊጠይቁኝ የመጡ በር ላይ ቆመው «እግዜር ይማርህ» ብለው ይመለሳሉ። ድስት ያዋሰችን ጎረቤት እናቴ ልትመልስላት ስትሄድ «ይቆይላችሁ» አለቻት። እናቴ ድስቱን ይዛ ስትመለስ ያየሁት ፊቷ ከሽፍታው ይልቅ አቃጠለኝ። እውነት ነው ወይ ስትለኝ አላውቅም አልኳት። አላውቅምም ነበር። መመርመር ፈራሁ፤ ያኔ ክፉ ውጤት ማለት ቤት ገብቶ ቀን መጠበቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ሸሚዜን ከፍቼ ፀሐይ ስሞቅ አልማዝ የሽሮ ፍርፍር በሳህን ይዛ መጣች። ፊት ለፊቴ ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«ስሜን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«እናቴ ናት» አልኩ፤ ወንድነቴ ይህን ያህል ነበር።

ሳቀች። አንድ ጎረሰች፤ በዚያው እጇ አጎረሰችኝ፤ መልሳ ጎረሰች። አጥሩ ሁሉ ዓይን ሆኗል፤ እሷ ቀና ብላም አላየችው። ፍርፍሩ ጨው በዝቶበታል። ሳህኑ ሲያልቅ፣

«ሂድና ተመርመር» አለችኝ። «የፈለገው ቢሆን የሚያጎርስህ ሰው አለ።»

ሰኞ ሄድኩ። ውጤቱ እስኪመጣ የጠበቅኩትን ጊዜ እንደ ዕድሜ ነው የምቆጥረው። ነፃ ነህ አሉኝ። እናቴ እልል ስትል ባለ ድስቷ ጎረቤት ሰምታ ድስቷን ልትወስድ መጣች።

ከዚያማ ወገቤ ሻረ፤ ጭንቅላቴ ታመመ። ያ ጉርሻ ፍቅር ነው ብዬ በራሴ አፍ ሽማግሌ ላክሁ። አቶ ተሰማ እሺ አሉ። እምቢ ያለችው ልጅቷ ናት። በአጥሩ በኩል ጠብቄ «ታዲያ ያጎረስሽኝስ?» አልኳት።

«ታመህ ነበራ» አለች፤ የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑ ገርሟት። «ያጎረሰ ሁሉ ያግባ ያለው ማነው?»

ከዓመት በኋላ አንድ ሾፌር አግብታ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄደች። ሰርጓ ላይ ድንኳን ተከልኩ፤ ካስማውን አጥብቄ መታሁት።

ልጄ እሑድ ዕለት ሌላም ነገር አነበበችልኝ፤ ክትባቱን የወሰዱ አዛውንቶች የመርሳት በሽታ ቀነስ እንደሚልላቸው የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፣ ግን ገና እየተጠና ነው አለች። ሲመጣ መዝግቢኝ አልኳት። መርፌ እንደምፈራ ስለምታውቅ ገረማት። ልረሳቸው የምወዳቸው ነገሮች አሉኝ፤ «ይቆይላችሁ» የምትለዋ ቃል አንዷ ናት። ግን እሷ ብትሄድ የዚያ ፍርፍር ጨውም አብሮ ይሄድብኛል ብዬ እፈራለሁ። ቫይረሱስ የሚያውቀው ነርቭን ነው፤ የሰው ጥፋት አይመርጥም። ይህን የምናውቀው ዘግይተን ነው፤ አልማዝ ግን ሳታውቀውም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ከዚያ ጉርሻ ወዲህ ሰው ታመመ ሲሉኝ ምን ያዘው ብዬ አልጠይቅም። እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ። ሰፈሩ ለምሳ የምሄድ ይመስለዋል፤ እሱም ጨርሶ ውሸት አይደለም።