የብዙነህ ኮሶ

በ1976 ዓ.ም. ገደማ አምቦ ውስጥ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። ከሥራ ቢቀር፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ቢጠፋ፣ ለቅሶ ቢያመልጠው፣ «ኮሶ ጠጥቶ ነው» ከተባለ በቃ፣ ያልፉታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤቱ አይርቅማ! የአውራጃው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ብዙነህም ይህችኑ ነገር መደበቂያ አደረጋት። ሚስቱ ዘርፈሽ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ዛሬም ወሬው ሲነሳ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች።

የሚኖሩት አምስት አባወራ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ነበር። ሽንት ቤቱ አንድ፣ ቁልፉም አንድ። ቁልፉ እትዬ ሸዋገነት ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ካለች ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። እንዳይጠፋ ተብሎ የተሰበረ የማማሰያ እጀታ ስለታሰረበት፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ግቢው ሁሉ ያያል። እትዬ ሸዋገነት ደግ ሴት ናቸው፤ አፋቸው ግን አያርፍም።

«ብዙነህ፣ ዛሬ ስንተኛህ ነው? ሚስማሬንም ነቅለህ ውሰዳት እንጂ!»

«ኮሶ ጠጥቼ ነው፣ እትዬ።»

«ባለፈው ሳምንትም ጠጥቼ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አልለቀቀኝም።»

ዘርፈሽ ይህን ከቤቷ ሆና ሰማች። እሷ ከፋሲካ ወዲህ ኮሶ ወቅጣ አታውቅም። ታዲያ ማን አጠጣው? ብዙነህ መክሳቱን፣ ቀበቶውን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ ማጥበቁን አይታለች። የውስጥ ልብሱን ራሱ ማጠብ መጀመሩንም አይታለች። ሁሉንም ስትገጣጥመው አንዲት ሌላ ሴት ታየቻት። መጠየቁ ግን አሳፈራት።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የባሏ ባልደረባ ቀንዓ አገኛት። ቀንዓ የጉደር ልጅ ነው፤ ቀልድ ሳይጨምር ሰላምታ አይሰጥም።

«አካም፣ ዘርፈሽ! ለኦቦ ብዙነህ የምታጠጪው ኮሶ ምን ዓይነት ነው? ትሉን ትቶ ሰውዬውን ሊጨርሰው ነው እኮ! ባለጉዳይ ተሰልፎ እያየው መዝገቡን ጥሎ ይሮጣል። አለቃችን ‹ጓድ ብዙነህን ለኮሶ ነው እንዴ የቀጠርነው?› አለ።»

ቀንዓ ሳቀ። ዘርፈሽም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ድረስ ግን ጋለች። ሌላ ሴት ካለች ውርደት ነው። ከሌለችም ከተማው «ኮሶ ማዘጋጀት የማታውቅ ሚስት» ሊላት ነው።

ከገበያው በቀጥታ እትዬ ሸዋገነት ዘንድ ገባች። የእትዬ ሸዋገነት ኮሶ በሰፈሩ የታወቀ ነው።

«ድርብ አድርጊው» አሏት። «እንዲህ ሥር የሰደደ ትል በለዘብተኛ ኮሶ አይወጣም። እኔም እመጣለሁ፤ ሰው ካለ እምቢ አይልም።»

እሁድ ጠዋት ዘርፈሽ ድርቡን ኮሶ ይዛ ባሏ ፊት ቆመች። ለሽረቱ፣ ማለት ከኮሶው በኋላ አፍ ለሚያጣፍጠው ምሳ፣ ዶሮ ታርዷል፤ ቀንዓም ተጠርቷል። እትዬ ሸዋገነት ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ብዙነህ ዋንጫውን አይቶ ገረጣ። «ዘርፌ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።»

«የሌላዋን እየጠጣህ የእኔን ትጠየፋለህ?» አለች በለሆሳስ።

«የምን ሌላ?» አላትና ወደ እትዬ ሸዋገነት ዞሮ አየ።  እምቢ ለማለት በእሳቸው ፊት ምክንያት መናገር ነበረበት። ዋንጫውን ተቀብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ዘርፈሽ ያቺን ሰዓት ነው የማትረሳት፤ ሲጠጣላት ደስ ብሏት ነበር።

ወደ እኩለ ቀን ብዙነህ ከሽንት ቤት ሳይመለስ ቆየ። ብትጠራው መልስ የለም። በሩን ገፍታ ስትገባ ግድግዳውን ተደግፎ ወድቋል፤ ልብሱ በደም ርሷል። ለዶሮው የመጣው ቀንዓ በጀርባው ተሸክሞት ወጣ፤ በፈረስ ጋሪ ሆስፒታል አደረሱት።

ሐኪሙ የበሽተኛውን ኮት ኪስ እንዲፈትሹ ነገራቸው፤ ምናልባት የቆየ የሕክምና ማስረጃ ይኖር ይሆናል ብሎ። ዘርፈሽ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ የሳሳ ወረቀት አወጣች። ከአዲስ አበባ የተጻፈ፣ ዓመት ያለፈው ነው። ብዙነህ «ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ» ብሎ የሄደ ጊዜ መሆኑ ነው። ሐኪሙ አነበበላት። የትልቁ አንጀት ቁስለት፤ ትል አይደለም፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እየተሻለ እየተመለሰ አብሮ የሚኖር በሽታ ነው። ከታች ተሰምሮበት ደግሞ፦ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ኮሶም ጭምር፣ ክልክል።

ዘርፈሽ ወረቀቱን ተቀብላ በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው።

ያኔ አዲስ አበባ የታዘዙለትን ክኒኖች ቀንዓ በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት መሳቢያ፣ ከመዝገብ ጀርባ አገኛቸው። ብዙነህ የሚውጣቸው ሲብስበት ብቻ ስለነበር እኩሌታው እንዳለ ነው። ቀንዓ ያን ቀን አልቀለደም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ዘርፈሽ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና።

ብዙነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በምን አፌ? ወንድ ልጅ ከዚያ በኩል ደማሁ ብሎ ለሚስቱ…»

ልትቆጣው አስባ ነበር። ግን ድርቡን የወቀጠው የራሷ እጅ ነው፤ ምን ብላ ትቆጣ? ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት።

በዘጠነኛው ቀን ሲወጡ ሐኪሙ ለሁለቱም ነገራቸው። ክኒኑ ደህና ሲሆንም አይቋረጥም። ሲነሳበት በርበሬና ጥሬ ነገር ትቶ ሩዝ፣ ድንች፣ አጥሚት ይውሰድ፤ ውሃ አይጉደልበት። ደሙ ከበዛ ሳይውል ሳያድር ይምጣ። «በቀን ስንት ጊዜ እንደወጣህ፣ ደም መኖር አለመኖሩን ደብተር ላይ ጻፍ። መዝገብ ቤት አይደለህ? አሁን የራስህን መዝገብ ያዝ።» ቀጥሎ ወደ ዘርፈሽ ዞረ። «እርስዎስ፣ እህቴ፣ ደህና እንቅልፍ ከተኙ ስንት ቀን ሆነዎ? ማን ያግዝዎታል?»

«ማንም።»

«ለአንድ ሰው እንኳ ይንገሩ። ይህ የአንድ ሳምንት ጉዳይ አይደለም፤ ብቻዎን አይዘልቁትም።»

መንገር! ዘርፈሽ ጋሪው ላይ ስታስበው መጣች። ለማን? ምን ብላ?

በማግስቱ ጠዋት ብዙነህ ሦስት ጊዜ ቁልፍ ጠይቆ መለሰ። በአራተኛው እትዬ ሸዋገነት ቤት የጎረቤት ሴቶች ምስር እየለቀሙ ሳቃቸው ይሰማል። ብዙነህ የራሱን ቤት በር መቃን ጨብጦ ቆመ፤ ግንባሩ አላበው።

«ሂድ እንጂ!» አለችው ዘርፈሽ።

«ትንሽ… ሴቶቹ ይውጡ።»

ዘርፈሽ አየችው። የቀበቶውን ጫፍ አየች። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ግቢውን አቋርጣ ሴቶቹ ዘንድ ገባች። ሁሉም ቀና አሉ። እጇ ሚስማሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ፤ እግሯ ግን አልወጣም።

«እትዬ» አለች መሬት መሬት እያየች፤ «ብዙነህ ትል የለውም። ኮሶም አልጠጣም ነበር፣ ያን ቀን እኛ እስክናጠጣው። አንጀቱ ቆስሏል። ደም ያስቀምጠዋል። ሰው ፊት ቁልፍ መለመን አቃተው።»

ምስር የሚለቅሙት እጆች ቆሙ። «ድርብ አድርጊው ያልኩሽ እኔ» አሉ እትዬ ሸዋገነት። «በየቀኑ የቆጠርኩበትም እኔ።»

ብድግ ብለው የቡናውን ዘነዘና አነሱ። ሚስማሩን ወዲያ ወዲህ ነቅንቀው ነቀሉት፤ ግቢውን ተሻግረው የእነ ዘርፈሽ በር መቃን ላይ፣ በውጭ በኩል መቱት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ የፈለገ ከብዙነህ ቤት ይውሰድ!» ብለው ለግቢው ጮኹ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ ወደ ውስጥ፣ «እኔም አሮጊቷ ስንቴ እንደምመላለስ አንተ ቁጠርብኝ። አንሶላውን ረቡዕ ረቡዕ ወደ እኔ ላከው፤ ዘርፌ ትተኛ።»

ብዙነህ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እትዬ ሸዋገነት ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ሴቶቹም ምስራቸው ላይ አቀረቀሩ። ዘርፈሽ ቁልፉን አቀበለችው። እጀታው በላቧ ረጥቦ ነበር።

ተመልሶ ሲገባ ደብተሩን ሳበና ጻፈ፦ አራት።