ሳላማክራት የወጣሁ ቀን

ስደተኛ ሁሉ በሌሊት የሚወጣ ይመስላችኋል። እኔ ከመተማ ዮሐንስ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በእኛ ቆላ፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም የሚለው ቀትር ላይ ስለሆነ ማንም አያይህም። ባለቤቴ እናኑ ሰሊጥ ልታበጥር መጋዘን ሄዳለች። ከድና ያስቀመጠችልኝን ምሳ በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ከዚያ እንደ ገበያተኛ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሬ ሱዳን፣ ጋላባት ገባሁ። ያልነገርኳት፣ ካወቀች ሰዎች ሲጠይቋት ትቸገራለች ብዬ ነው። እንዲያ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ፤ የአንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ነገር ለክፎኝ ነበር። ሰውዬው የሚለው ባጭሩ፣ ውሳኔ ትክክል የሚሆነው የሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ያለ ፍርሃት ተነጋግረውበት፣ ጉልበት ሳይሆን የተሻለ ምክንያት ሲረታ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸው አልጎዳኝም። የጎዳኝ አንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ የሰሊጥ አጫጆቹ ሳይጠየቁ ስለ እነሱ እንዴት ይወሰናል ማለቴ ነው። በማግስቱ የማላውቃቸው ሰዎች ቤቴን ሲያጠያይቁ ዋሉ።

ገዳሪፍን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን ሌሎች ተርከውታልና አልደግመውም። ጀርመን ስደርስ ጉዳዬን የያዘችው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

«ለምን ተሰደድክ?»

«የእናንተን ፈላስፋ ሐሳብ ተናግሬ።»

ስሙን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኛ ተማሪ ቤት ሞክረነው አልገባንም። አንተ ገብቶህ ነው?»

ገብቶኛል አልኳት፤ ኮራ ብዬ።

ከተማው ደግ ነው፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው። በጋቸው በሆነው በሐምሌ እንኳ ጃኬት እለብሳለሁ። መተማ ላይ ላቤን እየጠረግሁ ስረግመው የኖርኩትን ሙቀት ዛሬ በጠርሙስ ቢሸጡልኝ እገዛለሁ። መተማ የለመድኩትን ቀይ ሻይ፣ ከርከዴ፣ የሚሸጥ አንድ የሱዳኖች ሱቅ አግኝቻለሁ፤ እሱ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም።

በቀደም ቅዳሜ የሕንፃችን ነዋሪዎች ብስክሌት የት ይቁም ብለው ተሰበሰቡ። ብስክሌቱን ፋራድ ይሉታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ፋራድ! እኔ ብስክሌት እንኳ የለኝም። መጨረሻ ላይ ኮስታራዋ አከራዬ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተስ ምን ትላለህ? መተላለፊያው ያንተም ነው» አሉኝ። ሁሉም መልሴን ጠበቁ። የታየኝ ግን የታጠበው ሳህን ነው። እነዚህ ሰዎች ለብስክሌት ማቆሚያ አማከሩኝ፤ እኔ ቤቴን ትቼ ስወጣ ሚስቴን አላማከርኩም። በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ ደወልኩላት።

«እናኑ፣ ያን ቀን ሳልነግርሽ በመውጣቴ…»

«ሳህኑን ሳየው አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ሳህን አጥበህ አታውቅም።»

«ይቅር በይኝ። አሁን ሚስትህን ማምጣት ትችላለህ ብለውኛል። ትመጫለሽ?»

ከኋላዋ ባጃጅ ጡሩምባውን ሲነፋ ይሰማኛል።

«እናቴን ለማን ጥያት ነው? ለመሆኑ እያማከርኸኝ ነው፣ ወይስ ወስነህ እየነገርኸኝ?»

«እያማከርኩሽ ነው።»

«እንግዲያው ላስብበት። እኔ እስክደውል ምንም እንዳትጀምር።»

እሺ አልኳት። ስሟንና የልደት ቀኗን ሞልቼ፣ «ለመምጣት ተስማምታለች» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ የሚስት ማምጫውን ቅጽ ከላክሁት ግን ሳምንት አልፎት ነበር። ይህንን እስካሁን አልነገርኳትም። ይኸው ስልኳን እየጠበቅሁ ነው።