ቀሚስ የማይበረክትላት ልጅ

ሐኪሟ «ልጃችሁ ኦቲዝም አለባት» ስትላቸው ልብስ ሰፊው አባት የገባው ሰው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱም አብራው ነቀነቀች። ቤት እንደ ገቡ የአራት ዓመቷ ልጃቸው እንደ ልማዷ ቀሚሷን አውልቃ ወረወረችና ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሌላ ቀን ቢሆን እናቷ ትቆጣት ነበር።

አባት የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የደንበኛ ሱሪ ማሳጠር ያዘ። ሲጨርስ አንዱን እግር ደፍኖ ሰፍቶታል። አልተናደደም፤ መልሶ ይተረትረው ጀመር።

ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ሸካራ ነገር ሲነካት እንደ እሾህ ነው የሚወጋት ብላናለች አይደል?»

«ማን?»

«ዶክተሯ ናታ። አልሰማህም እንዴ?»

«አጠገብሽ ነበርኩ፤ ግን አልሰማሁም።»

«እኔም ግማሹን ነው የሰማሁት። እኛ እኮ ልብሷን ማውለቋ ብልግና መስሎን...»

«በይ ቀሚሶቿን አምጪልኝ» አላት ሳያስጨርሳት።

ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ በየአንገቱ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት እየተረተረች አወጣች፤ እሱ ሸካራውን ስፌት በለስላሳ ጨርቅ ሸፈነው። ልጅቷ ቀረብ ብላ አንዱን አጠለቀችና እዚያው መጫወት ጀመረች። ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ግን ሐዘኑም ደስታውም ገና ልባቸው አልደረሰምና ቀጣዩን ቀሚስ አነሱ።