ከከሳሼ ጋር በአንድ ሰንሰለት

አንኮበር ላይ ስታሰር፣ የእስረኛ ጎጆው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ከሳሼን ነው። በዚያ ዘመን ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ይቆራኛሉ። የእሱ ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር ታሰረ። እሱ የአገሩ ጌታ የሚጠጡበት ምንጭ ጠባቂ፣ እኔ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም አስተርጓሚ። ጥፋቴ ከምንጩ የተቀዳ ጠብታ በሐኪሙ ማጉያ መነጽር አይቼ፣ "ነፍስ ያላቸው ነገሮች ይዋኙበታል" ማለቴ ነበር። ውሃው ነውር አለበት ከተባለ የጠባቂው እንጀራ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀድሞ "ጌታውን ሊመርዝ ነው" ብሎ ከሰሰኝ። ፈረንጁን ማን ይነካል፤ እኔ ገባሁ።

መጀመሪያ ዘጋኝ። ግን አንዱ ለሽንት ሲነሳ ሌላውም መነሳቱ አይቀርምና ኩርፊያው አልዘለቀም።

አንድ ጧት፣ "እውነት ምን አየህ?" አለኝ።

"ሁለት ዓይነት ናቸው፣ አያ። አንደኛው ጅራፍ አለው፤ አንድ ወይ ሁለት፣ ረጅም።" ሰንሰለታችንን ወዘወዝኩት፤ ሞገዱ ከእጄ ተነስቶ እጁ ደረሰ። "እንዲህ እየወዘወዘ ይዋኛል። ሌላው ገላውን እንደ ሽፋሽፍት ያለ አጭር ፀጉር ሞልቶታል። ፀጉሩ ተራ በተራ እየተጎነበሰ ይቀዝፋል።" ጣቶቼን ከትንሿ ጀምሬ አጠፍኩለት።

"እንደ ደቦ አጫጆች" አለ።

"እንደሱ። እንዲህ ያለው ፀጉር ጉሮሯችንም ውስጥ አለ፤ አቧራውን ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው ይላል ሐኪሙ።"

ጉሮሮውን ዳበሰና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የጎጆው ጭስ ባሳለው ቁጥር "ደቦው ወጣ" ይለኝ ነበር።

ዳኛው ፊት ስንቀርብ፣ "ዋሽቻለሁ በልና ቤትህ ግባ" አሉኝ። አገሬ ሰላ ድንጋይ እናቴ ትጠብቀኝ ነበር። ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።

"አይቻለሁ፣ ጌታዬ። መርዝ ግን አይደለም፤ ድሮም የነበሩ ናቸው።"

ከሳሼ "ዋሽቷል" ብሎ እንዲምል ታዘዘ። ቢምል ምንጩ ላይ ይቆይ ነበር።

"እኔ አላየሁም፤ ባላየሁት አልምልም" አለ።

እሱ ከምንጩ ተሻረ፤ እኔ ቃሌን ስላልመለስኩ ክረምቱን እዚያው ጎጆ ታስሬ ከረምኩ። ከፍርዱ በኋላ ሰንሰለታችን በተፈታ በማግስቱ በቅል ውሃ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ከምንጩ ነው። ጅራፉም ሽፋሽፍቱም አለበት" አለኝ። እንደ ደንቡ ቀድሞ ቀመሰልኝ፤ ከዚያ ጠጣሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። ጧት ስነሳ ግራ እጄ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስለኛል። ሳል ሲይዘኝ "ደቦው ወጣ" እላለሁ፤ የሚስቅልኝ የለም። ከሳሼ ናፈቀኝ።